የወገብ ሕመምና የሆድ ጡንቻ፦ ያለ ጂም ምን መሥራት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ባለ ባጃጁ፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ በመንዳት የምተዳደር የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ መሪውን ይዤ በትንሹ ወደ ፊት አጎንብሼ ስለምውል፣ በተለይም በኮብልስቶን መንገድ ስመላለስ በዋልሁበት ቀን፣ ማታ ከመቀመጫዬ ስነሣ ወገቤ ወዲያው አይቃናልኝም። ሕመሙ ወደ እግሬ አይወርድም፤ የመደንዘዝ ስሜትም የለውም። በአንድ ክሊኒክ ታይቼ «ከባድ ነገር የለብህም፤ የሆድህን ጡንቻ አጠንክር» ብለው ሸኝተውኛል። ወገቡን ለሚያመው ሰው ስለ ሆድ መነገሩ ግን አልገባኝም።

ጓደኞቼ እግሬን አልጋ ሥር አስገብቼ በየማታው መቶ ጊዜ እየተነሣሁ እንድተኛ ይመክሩኛል። ይህ ትክክል ነው? ለጂም የሚሆን ገንዘብም ጊዜም የለኝም፤ ቦርጭም ጀምሮኛል። ባለቤቴም ከወለደች አራት ወር ሆኗታል፤ ሆዷ እንደ ቀድሞው አልመለስ ስላላት አብራኝ ለመሥራት ትፈልጋለች። እባካችሁ የምታውቁ አስረዱን።

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ወንድሜ፣ የተሰጠዎት ምክር ትክክል ነው፤ የጎደለው ማብራሪያው ነው። የወገብ አከርካሪ ራሱን ችሎ የሚቆም ይመስለናል፤ ሆኖም ጡንቻው ተነሥቶ አጥንቱ፣ ዲስኩ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል) እና ጅማቱ ብቻ ሲቀሩ፣ 10 ኪሎ የማይሞላ ጫና ብቻ እንደሚያጥፈው በቤተ ሙከራ ታይቷል። ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ከየአቅጣጫው የያዘው ጡንቻ ነው። ከፊት ለፊት ከጎድን አጥንት ተነሥቶ እስከ ዳሌ አጥንት የሚወርድ ጡንቻ አለ፤ በግራና በቀኝ ደግሞ በሁለት ንብርብር በሰያፍ የተዘረጉ፣ ሰውነት ሲዞርና ወደ ጎን ሲያዘነብል የሚሠሩ ጡንቻዎች አሉ፤ ከሁሉም ሥር ያለው ግን ወገብን እንደ መቀነት የሚዞረው ነው። ይህን ሁሉ ከላይ ድያፍራም የተባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ይከድነዋል፤ ከታች የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ይደግፉታል። በአንድነት ሲጠነክሩ በሆድ ውስጥ ግፊት ይፈጠርና አከርካሪው ይረጋል። አጎንብሰው በሚቀመጡበት ጊዜ ግን እነዚህ ጡንቻዎች ሥራ ይፈታሉ፤ ሸክሙ በዲስኩና በጅማቱ ላይ ይወድቃል፤ የመንገዱም ንዝረት በዚያው ላይ ይጨመራል።

ጓደኞችዎ የሚሉትን፣ ሲት-አፕ የሚባለውን፣ እኔ አልመክርም። እግር ተይዞ ሲት-አፕ በሚሠራበት ጊዜ ትከሻ ከመሬት ከተነሣ በኋላ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ሆድ ሳይሆን ከወገብ አከርካሪ ተነሥቶ ጭን ላይ የሚያርፈው ጡንቻ ነው፤ እሱም ወገብን ይጎትታል። በአንድ ሲት-አፕ አከርካሪ ላይ የሚያርፈው ጫና ከ3,000 ኒውተን፣ ማለትም ከ300 ኪሎ ክብደት እንደሚበልጥ ተለክቷል። ቀኑን ሙሉ የታጠፈን ወገብ ማታ ደግሞ መቶ ጊዜ ማጠፍ ምን ይጠቅማል?

በመጀመሪያ ከሁሉም ሥር ያለውን፣ እንደ መቀነት የሚዞረውን ጡንቻ ማግኘት ይልመዱ። በጀርባዎ ተኝተው ጣቶችዎን ከዳሌዎ አጥንት ጥቂት ወደ ውስጥ በሆድዎ ጎን ላይ ያሳርፉና ቀስ ብለው ይሳሉ፤ ከጣትዎ ሥር ሲጠነክር የሚሰማዎት እሱ ነው። ያንኑ ጥንካሬ ሳይስሉ፣ ሆድዎንም ወደ ውስጥ ሳይስቡ፣ እየተነፈሱ መያዝ ሲችሉ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ትንፋሽዎን ከያዙ ገና አልተለማመዱትም ማለት ነው።

ከዚያ ካናዳዊው የአከርካሪ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊል ለወገብ ሕመምተኞች የሚመክራቸውን ሦስት እንቅስቃሴዎች ይሥሩ። በአንደኛው በጀርባ ተኝተው አንዱን ጉልበት ያጥፋሉ፣ ሌላውን እግር ይዘረጋሉ፤ ሁለቱንም መዳፍ ከወገብዎ ጎድጓዳ ሥር አስገብተው ወገብዎን ሳያጠፍጥፉ ራስዎንና ትከሻዎን ብቻ ከመሬት በጥቂቱ ያነሣሉ። አገጭ ወደ ደረት አይጎተትም። በሁለተኛው በጎን ተኝተው በክርንዎና በጉልበትዎ ተደግፈው ዳሌዎን ያነሣሉ፤ ሲጠነክሩ በጉልበት ፋንታ በእግርዎ ይደገፋሉ። በሦስተኛው በእጅና በጉልበት ተንበርክከው ቀኝ እጅንና ግራ እግርን በአንድ ጊዜ ይዘረጋሉ፤ ቀጥሎም በተቃራኒው። ለዚህኛው አንድ መፈተኛ አለኝ፦ በውኃ የተሞላ የላስቲክ ኩባያ ወገብዎ ላይ ይቀመጥ፤ ከተደፋ ዳሌዎ እየዞረ ነው። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ብቻ ይያዙ፤ ስድስት ጊዜ ሠርተው ይረፉ፣ ከዚያ አራት ጊዜ፣ በመጨረሻም ሁለት ጊዜ። ሁሉም ተደምሮ ሩብ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው።

ሥራ ላይ እያሉም ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ጊዜ ከባጃጁ ወርደው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እጅዎን ወደ ላይ ዘርግተው ጥቂት ይተንፍሱ። ነገር ግን ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ፣ ትኩሳት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት ካለ፣ ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ካስቸገረ፣ ስፖርቱን ትተው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

መልስ፦ ጡረተኛው ወታደር

ልጄ፣ ባለሙያው የተናገረውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እኛ በማሠልጠኛ ጣቢያ ሲት-አፕ በብዛት ሠርተን ነው ያደግነው። እኔ ስድሳን አልፌያለሁ፣ ወገቤን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። የዛሬ ሰው የሚታመመው ስለማይንቀሳቀስ ነው እንጂ በሲት-አፕ አይመስለኝም። ቀስ በቀስ ይጀምር፣ ይለምደዋል።

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

አባቴ፣ ያልታመመና ሰውነቱ የለመደ ሰው ሲት-አፕ ቢሠራ ይጎዳል አላልሁም፤ አለመንቀሳቀስ ዋናው ጠላት መሆኑንም እስማማለሁ። ልዩነቱ የጠያቂያችን ወገብ አሁን እያመመው መሆኑ ነው። እርስዎ በወጣትነትዎ ቀኑን ሙሉ ሲራመዱና ሲሸከሙ ስለ ዋሉ ሲት-አፑ በጠንካራ ወገብ ላይ ነበር የሚያርፈው፤ ጠያቂያችን ግን ከመቀመጫ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሲት-አፕ ሊገባ ነው። ሕመሙ ከጠፋ በኋላ ሊሞክረው ይችላል፤ ለወገቡ ሲል ግን አያስፈልገውም።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ፣ ሽምብጥ

ስለ ባለቤትዎ ጥቂት ልበል፤ እሷ ከእርስዎ ጋር በአንድ መስመር ልትጀምር አይገባምና። በእርግዝና ጊዜ ማሕፀን ሲያድግ ከፊት ያሉት ሁለቱ የሆድ ጡንቻዎች እምብርት መሐል ላይ ግራና ቀኝ ይለያያሉ። ይህ የተለመደ ነው፤ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ስምንት ሳምንታት ውስጥ ይጠባል። የእሷን ለማወቅ በጀርባዋ ተኝታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ራሷን ብቻ ቀና ታድርግና ጣቶቿን ከእምብርቷ በላይና በታች ታሳርፍ። ከሁለት ጣት የሚበልጥ ክፍተት ካለ፣ ወይም ቀና ስትል ሆዷ መሐል ለመሐል ወደ ውጭ ከተወጠረ፣ በምንም ዓይነት ሲት-አፕና ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ) አትጀምር፤ ወደ ጤና ባለሙያ ትሂድ። የወለደችው በኦፕራሲዮን ከሆነ ደግሞ ቁስሉን ያየው ሐኪም ሳይፈቅድ ምንም አይሞከር።

አለበለዚያ ከትንፋሽ ትጀምር፤ ቀስ ብላ አየር እያስወጣች ሽንት እንደምትይዝ አድርጋ የዳሌዋን ወለል ወደ ላይ ትሳብ፣ ጥቂት ይዛ ሙሉ በሙሉ ትልቀቅ። መልቀቁን ብዙዎች ይረሱታል። ስትስል ወይም ስታስነጥስ ሽንት የሚያመልጣት ከሆነ አትፈር፤ ይህ የሚታከም ነው። መቀነት ማሰር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድጋፍ ይሰጣል፣ እናቶቻችንም ያደርጉት ነበር፤ ነገር ግን ከውጭ የታሰረ ጨርቅ ጡንቻውን አያጠነክርም፤ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ግፊቱን ወደ ታች ወደ ዳሌ ወለል ይልከዋል።

መልስ፦ የስፖርት መምህር

ቦርጭን በሚመለከት እውነቱን ልንገርዎት፤ የሆድ እንቅስቃሴ የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። ጡንቻው ከስቡ ሥር ይጠነክራል፣ ስቡ ግን የሚቀንሰው በአመጋገብና መላ ሰውነትን በሚያንቀሳቅስ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ለዚህ እኛ የታደልን ነን፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፣ አምስት ጊዜ ደርሶ መልስ በፈጣን እርምጃ ቢሄዱ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ዳገትም የለውም።

ለጎን ጡንቻ ደግሞ ከጀሪካን የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ባለ 20 ሊትሩን ግማሹን ሞልተው በአንድ እጅ አንጠልጥለው፣ ወደ የትኛውም ጎን ሳያዘነብሉ፣ ትከሻዎን እኩል አድርገው በግቢው ውስጥ ይመላለሱ፤ ከዚያ እጅ ይቀይሩ። 10 ኪሎው ወደ አንድ ጎን ሲጎትትዎ በተቃራኒው ጎን ያለው ጡንቻ እንዳያጋድሉ ይይዝዎታል። በሁለት እጅ ሁለት ጀሪካን ከተሸከሙ ይህ ጥቅም ይቀንሳል። ሲያነሡም ከወገብ ሳይሆን ከጉልበትና ከዳሌ ይታጠፉ። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ የለመደው ቀዛፊ ክንዱን ብቻ አያሠራም፣ ከወገቡ በላይ ያለው ሰውነቱ አብሮ ይዞራል፤ ጀማሪው ግን በክንዱ ብቻ ታግሎ ቶሎ ይደክማል።

ጥያቄ፦ ባለ ባጃጁ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኩባያውን ፈተና ሞክሬ ውኃው ተደፍቷል፤ እቀጥላለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሌሊት ተነሥቼ እሰግዳለሁ፣ እስከ 9 ሰዓትም እህል ውኃ አልቀምስም። ስግደቱ ወገቤን ይጎዳው ይሆን? እነዚህን እንቅስቃሴዎችስ በየትኛው ሰዓት ልሥራ?

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ሌሊት ስንተኛ ዲስኮቻችን ፈሳሽ ስለሚስቡ እንደ ተነሣን ወገብ በጣም ውጥር ነው፤ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ገደማ ወገብን አብዝቶ ማጠፍ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ከአልጋ ወርደው ወዲያው አይስገዱ፤ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግር ቢሄዱ ጥሩ ማሟሟቂያ ይሆናል። ሲሰግዱ በመጀመሪያ ጉልበትዎን አሳርፈው፣ ቀጥሎ እጅዎን አስደግፈው ይውረዱ፤ ሲነሡም ሆድዎን አጠንክረው በእጅና በጉልበት ይነሡ። ሕመም ከጨመረ ቁጥሩን ስለ መቀነስ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ሦስቱ እንቅስቃሴዎች ብዙ ላብ ስለማያስወጡ በጾም ሰዓትም ሊሠሩ ይችላሉ፤ ይበልጥ የሚመቸው ግን ከመብላትዎ በፊት 9 ሰዓት አካባቢ ነው። ጀሪካኑንና የድልድዩን ጉዞ ወደ ማታ ያስተላልፉ፤ ከምግብ በኋላም ሁለት ሰዓት ያህል ይቆዩ።