ሃቡ ይዞት የሚቆየውን የቀድሞ ሁኔታ ማጽዳት፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

የሙከራ ቡድን፦ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ከዚህ ይነሣ እላለሁ፤ ድራይቨራችን (መሣሪያዎችን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ሥራ ሲጀምር ሃቡ (አንዱን የዩኤስቢ መሰኪያ ወደ ብዙ ፖርቶች፣ ማለትም መሰኪያዎች፣ የሚያበዛው ዕቃ) ባዶ ነው ብሎ ማመኑን ይተው። ቅዳሜ ዕለት የሃቡን ገመድ ሳንነቅል ድራይቨሩን አውርደን መልሰን ጫንነው። ሃቡ ላይ የተሰኩት የሁለቱም ማውሶች ቀይ መብራት በርቷል፤ ጠቋሚው ግን ንቅንቅ አላለም። ለካ አራተኛው ፖርት ላይ ያለው ማውስ መጀመሪያ የተሰካው እርሱ ስለነበር አድራሻ 2ን (ኮምፒውተሩ መሣሪያውን የሚጠራበትን ቁጥር) እንደያዘ ቆይቷል። አዲሱ ቆጠራ ከአንደኛው ፖርት ሲጀምር ያንኑ 2 ለሌላኛው ሰጠ። አንዱን ስንጠራ ሁለቱም «አቤት» አሉ፤ ምልክታቸው ተደበላልቆ ምዝገባው እዚያው ቆመ።

አንጋፋ አባል፦ ልጆች፣ የፖርቶቹን ኃይል አጥፍቶ ማብራት አይበቃም?

የድራይቨር ቡድን፦ ጋሼ፣ ቢበቃ ደስ ባለኝ። ብዙ ርካሽ ሃቦች ግን ኃይል የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ የላቸውም፤ «አጥፋ» ብንላቸውም 5 ቮልቱ አይቋረጥም። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ግን የእያንዳንዱን ፖርት ሁኔታ አንብቦ፣ የማያውቀው መሣሪያ ያለበትን ክፍት ፖርት ይዘጋል፤ ኃይሉ ባይቋረጥም ምልክት አያልፍበትም። የዩኤስቢ 3 ፖርቶችን ግን አይዘጋም፤ መሣሪያ ሲሰካ ራሳቸው ይከፈታሉና።

አጥብቄ የምይዘው ነጥብ አለኝ። ስለ አንድ ፖርት ስንጠይቀው ሃቡ የሚመልሰው 4 ባይት ነው፤ 2ቱ የአሁኑን ሁኔታ፣ 2ቱ ለውጡን ይናገራሉ። የለውጡን ቢት (ለውጥ መኖሩን የሚነግረውን ምልክት) ካላጸዳነው ያንኑ ወሬ እየደጋገመ ያስቸግረናል። ካነበብን በኋላ፣ ሳናጸዳ ደግሞ መሣሪያ ቢነቀል፣ የመነቀሉን ምልክት አብረን እናጠፋዋለን። ስለዚህ ካጸዳን በኋላ ሁኔታውን እንደገና እናንብብ።

አንጋፋ አባል፦ አሳምነኸኛል። መሰካቱ ሳይረጋም አትቸኩሉ፤ ለ100 ሚሊሰከንድ ሳይለዋወጥ መቆየቱ ይረጋገጥ።

ጸሐፊ፦ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ድራይቨሩ በመጀመሪያው ዙር የየፖርቱን ሁኔታ ያነብባል፤ ያልመዘገበውን መሣሪያ የያዘ ክፍት ፖርት ይዘጋል፤ የለውጥ ቢቶችን አጽድቶ እንደገና ያነብባል። ይህ በሁሉም ፖርት ሳይጠናቀቅ ለማንም አድራሻ አይሰጥም። በሁለተኛው ዙር የረጋውን መሣሪያ አንድ በአንድ ሪሴት እያደረገ (እንደ አዲስ እያስጀመረ) ይመዘግባል።» አንድ በአንድ ያልኩት ሪሴት የተደረገ መሣሪያ ሁሉ በአድራሻ 0 ስለሚመልስ ነው። ዩኤስቢ 3 ለሚቀጥለው ረቂቅ ይቆይ። ለመጪው ቅዳሜ ሙከራ የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ የሚያመጣ አባል ያሳውቀኝ።