የበረንዳችን መደገፊያ ተነቅሎ ወደቀ፤ እሑድ ክርስትና አለብን

ባለ በረንዳው፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ቤታችን ደብረ ሲና ነው። ዛሬ ጠዋት እናቴ ገብስ እያበጠረች መደገፊያው ላይ ጠጋ ስትል አንዱ ቋሚ ከነሚስማሩ ተነቅሎ ቁልቁል ሄደ። እሷን በነጠላዋ ጎትቼ አስቀረኋት፤ ገብሱ ከነሰፌዱ ጎረቤት ግቢ ወረደ። እሑድ የልጄ ክርስትና ስለሆነ ቤቱ ሰው ይሞላል። በምን ልጠግነው? እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነው።

የመሐል ሜዳው፦ ረዘም ያለ ሚስማር ምታበት። አራት ከመታህበት በሬም አይነቅለው።

ጡረተኛው መምህር፦ እንኳን እናትህን እግዚአብሔር አተረፈልህ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ እንግዳ ዛፍ ነው። ከዚያ በፊት የአካባቢያችን ሰው የሚያምነው ጽድን ነበር፤ ጽድ ምስጥም መበስበስም ቶሎ አይደፍረውም። ዛሬ ግን ወፍ ዋሻ ገብቼ ልቁረጥ እንዳትል፣ ጫካው የተጠበቀ ነው። ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ባሕር ዛፍ በእርጥቡ ከተሠራ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ሚስማሩ ጉድጓዱ ውስጥ መላላት ይጀምራል።

የአንኮበር ልጅ፦ የጎረቤት ዶሮዎች ክርስትናውን ቀድመው አከበሩ ማለት ነው።

እመ ብዙኃን፦ ቋሚው ወለሉ ላይ ነው የቆመው ወይስ በጎን ታስሮ ነው? ከፍታውስ ስንት ነው?

ባለ በረንዳው፦ ወለሉ ላይ ቆሞ በሰያፍ በሚስማር ተመትቶ ነው። እስከ መሬት 3 ሜትር ያህል አለው። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

የሸዋ ሮቢቱ አናጺ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ እንጀራዬም የእንጨት በረንዳ ሥራ ነው። ሚስማሩን ተወው ወንድሜ። ቋሚ ማለት መፈንቀያ ዘንግ ማለት ነው። 1 ሜትር ከፍታ ላይ በ90 ኪሎ ብትገፋውና ግርጌው የተያዘው 15 ሴንቲሜትር ላይ ብቻ ቢሆን፣ የላይኛው ማሰሪያ በ600 ኪሎ ገደማ ይሳባል። 90ውን ከኪሴ አላወጣሁትም፤ እዚህ የሕንፃ ደንቡ መደገፊያው እንዲችል የሚጠይቀው ጭነት ነው። ስለዚህ ቋሚውን ከወለሉ አንሣና ከጠርዙ ተሸካሚ እንጨት ጎን አስጠጋው። ሁለቱን እንጨት አብረህ በስተህ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ሁለት ብሎኖች እሰረው፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይበል። ሮንዴላ በሁለቱም በኩል፣ ከዚያ ዳዶ። ጠርዙ ራሱ እንዳይገለበጥ ከኋላው ካሉት ተሸካሚዎች ጋር በአጫጭር እንጨት አያይዘው። በቋሚና በቋሚ መካከል ከ1 ሜትር ከ80 አይለፍ።

የመሐል ሜዳው፦ አራት ሚስማር ካልበቃ ስድስት ምታ።

እመ ብዙኃን፦ ሕፃናት ስለሚመጡ አግድም እንጨት አትደርድር፣ መሰላል ይሆንላቸዋል። ቀጥ ቀጥ አድርገህ ምታው። የእኔ ሁለተኛ ልጅ አንገቱን አስገብቶ ቅባት ቀብተን ነው ያወጣነው።

የሸዋ ሮቢቱ አናጺ፦ ልክ ነሽ እህቴ። በእንጨቶቹ መካከል 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ኳስ ማለፍ የለበትም። የመኖሪያ ቤት መደገፊያ ቁመት እዚህ ቢያንስ 91 ሴንቲሜትር ነው፤ ከታች 3 ሜትር ካለ ግን እኔ ወደ 107 አደርሰዋለሁ።

አቶ ተጠራጣሪ፦ ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል። መደገፊያውን የሠራው ሰው ወለሉንም በዚያው ሚስማር አልሠራውም? በረንዳውን ዝጋና ግቢ ውስጥ ድንኳን ጣል።

ባለ በረንዳው፦ ደብረ ሲናን አያውቁትም መሰለኝ። ግቢው ቁልቁለት ነው፤ ድንኳኑ ከነእንግዳው ይንሸራተታል።

የሸዋ ሮቢቱ አናጺ፦ ቢሆንም እውነት አላቸው። ከሥር ገብተህ ተሸካሚዎቹ ግድግዳውን የሚነኩበትን ቦታ በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገው። ቢላው እንደ ቅቤ ከገባ መደገፊያውን እርሳው፣ ሰውም አታውጣበት።

ባለ በረንዳው፦ ወግቼው ነበር፣ ጠንካራ ነው። ብሎንም አገኘሁ፤ ውፍረቱ 12፣ ርዝመቱ ግን 15 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ቋሚው 9፣ ተሸካሚው 5 ነው። ቋሚውን ትንሽ ቦርቡሬ ላስገባው?

የሸዋ ሮቢቱ አናጺ፦ እንዳትነካው! የሚሰበረው እዚያው የቦረቦርከው ቦታ ላይ ነው። 14 ላይ ሮንዴላውና ዳዶው ሲጨመሩ 15 አያደርስም። ባለ 18 ፈልግ፤ ደብረ ብርሃን አይጠፋም።

የመሐል ሜዳው፦ ሚስማር ቢሆን ይደርስ ነበር።