ክርክር፦ በራስ አገዝ ቡድን የተገኘውን ብር የሚያዝበት ማነው?

አወያይ፦ ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። የዛሬው ጥያቄ፦ የገጠር ሴቶች ከ15 እስከ 20 ሆነው በየሳምንቱ እየቆጠቡ እርስ በርስ የሚበዳደሩበት የራስ አገዝ ቡድን የሴቷን አቅም ያጎለብታል ወይስ ዕዳና ስብሰባ ብቻ ይጨምርባታል? «ጥሩ ነው፣ ይበረታታ» የሚል አስተያየት አንቀበልም። ሂሳብና አሠራር አምጡ።

ቦርከና፦ እሺ፣ በሂሳቡ እንጀምር። 20 ሴቶች በሳምንት 20 ብር ቢቆጥቡ ዓመት ሲሞላ ሳጥኑ ውስጥ 20,800 ብር ይኖራል። የአንዷ ቁጠባ 1,040 ብር ነው። ደንቡ የቁጠባዋን 3 እጥፍ እንድትበደር ቢፈቅድላት 3,120 ብር ታገኛለች። በዚህ ብር ባቲ ሰኞ ገበያ ወርዳችሁ ሙክት ቀርቶ ደህና ጠቦት ግዙ እስኪ። አቅም ያለው መሬት ላይ ነው። በክልላችን የይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ መስፈሩ ከመቶ ስብሰባ ይበልጣል።

ጦሳ ስር፦ የዘለልከው ነገር አለ፤ ገንዘቡ ይዞራል። ሃያዎቹ በአንድ ቀን አይበደሩም። 5 ሴቶች ለ3 ወር ወስደው ሲመልሱ ሌሎች 5 ይወስዳሉ፣ በዓመት 4 ዙር። በግ ባይገዛበት ከገጠር እንቁላል ሰብስቦ ኮምቦልቻ ማውረድ ይጀመርበታል። 20 ብሩም ቢሆን የቡድኑ ውሳኔ እንጂ ሕግ አይደለም። ዋጋ በየጊዜው እየናረ መጠኑን የማያሻሽል ቡድን ቁጠባው በራሱ ይሟሟል። በየ6 ወሩ ለድምፅ ይቅረብ። ወይም ቁጠባው በሼር (በድርሻ) ይሁን፤ አንዲት ሴት በአንድ ስብሰባ ከ1 እስከ 5 ሼር ትገዛለች፣ ድሃዋ በ1 ትቆያለች፣ አታፍርም።

የኩታበሩ፦ ሁለታችሁም ብሩ እሷ እጅ ይገባል ብላችሁ ነው የምታሰሉት። በስሟ ተበድራ ለባል የምታቀብል ስንቷ ናት? ምልክቱ አይጠፋም። ለምን እንደምትበደር ስትጠየቅ «ለቤት» ትላለች፣ በሬ ወይም ማዳበሪያ ይገዛበታል፣ መክፈያው ሲደርስ ግን ከእሷ ዶሮ ይሸጣል። ዕዳው የእሷ፣ ንብረቱ የእሱ። በዚያ ላይ ስብሰባው 2 ሰዓት ይፈጃል፤ በአረም ወቅት ከሆነ ሥራውን ማታ ትደርብበታለች።

ቦርከና፦ የኩታበሩ ያለው ነው እንግዲህ! በጋና፣ በማላዊና በኡጋንዳ የቁጠባ ቡድኖች ላይ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ሴቶቹ የቤት ውስጥ ውሳኔ ላይ ድምፃቸው ከፍ ማለቱን አገኘ፤ የቤተሰቡ አማካይ ፍጆታ ሲጨምር ግን አላየም። ድምፅ አለ፣ እንጀራው ግን ያው ነው።

ጦሳ ስር፦ ድምፅን ለምን ታቃልለዋለህ ወንድሜ? ጥያቄው ራሱ ስለ አቅም ነበር።

ቁልፍ ያዥ፦ ብዙው የሚበላሸው ከዓላማው ሳይሆን ከአሠራሩ ነው። ሳጥኑ 3 ቁልፍ ይኑረው፤ ሦስቱን ሦስት ሴቶች፣ ሳጥኑን አራተኛዋ ትያዝ። ቁልፍ ያዦቹ እህትማማች ወይም የአንድ ቤት ሰዎች ከሆኑ ሦስት ቁልፍ አንድ ቁልፍ ነው። ጸሐፊዋ ብቻ የምታነበው ደብተርም አደጋ ነው። ስለዚህ ስብሰባው ሲያልቅ የሳጥኑ ሂሳብ ጮክ ብሎ ይነገር፣ ሁሉም በቃሉ ይያዘው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ይጠየቅ። ማንበብ የማይችሉት ብዙ ጊዜ ከጸሐፊዋ በላይ ያስታውሳሉ። በርካታ ብር ሳጥን ውስጥ አይደር፤ ወይ ይበደር ወይ ባንክ ይግባ። በጥቅምት 2014 በጦርነቱ እንደሆነው በድንገት ከቤት መውጣት ቢመጣ ሳጥን ተሸክሞ የሚሮጥ የለም። በቴሌብር ይሁን የምትሉ ደግሞ ስልኩ የማን እንደሆነ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ማን እንደሚያውቅ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ክረምቱን አትርሱ። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ ባዶ ነው። በእነዚህ ወራት መዋጮው ዝቅ ይበል፣ ቅጣት ይቅር። ቡድን ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ያኔ ነው፤ ቅጣቱ ሲጠራቀምባት ደሃዋ ዝም ብላ ትቀራለች፣ የሚቀጥሉት የተሻሉት ይሆናሉ።

ሐላል ንግድ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። ወሎ ላይ ሆናችሁ የወለዱን ነገር እስካሁን አለማንሳታችሁ ገረመኝ። ብዙ ሙስሊም እናቶች ቡድኑን የማይገቡት በእሱ ነው።

ጦሳ ስር፦ ወዐለይኩም ሰላም። በወር 5 በመቶ ቢሆን በ3,000 ብር ላይ ለ3 ወር 450 ብር ነው። ይሄ ገንዘብ ተመልሶ የራሳቸው ነው፣ አራጣ አበዳሪ ኪስ አይገባም።

ሐላል ንግድ፦ ለራስ ቢመለስም ወለድ ወለድ ነው፣ እህታለም። መንገዱ በሙራባሃ መሸጥ ነው፤ ብር ከማበደር ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን ገልጾ በዱቤ መሸጥ ማለት ነው። ሴትዮዋ የምትፈልገውን በግ ትናገራለች፣ ሁለት አባላት አብረዋት ገበያ ወርደው በቡድኑ ገንዘብ ይገዛሉ። በ9,000 ተገዛ እንበል፤ ዋጋው ሳይደበቅ ተነግሯት በ9,600 ዱቤ ይሸጥላታል። እሷ ሳትረከበው በጉ ቢሞት ኪሳራው የቡድኑ ነው፤ ከወለድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ብር በእጇ ሰጥቶ ደብተር ላይ «ሙራባሃ» ብሎ መጻፍ ማጭበርበር ነው፣ በብዙ ቦታም የሚሠራው ይሄው ነው። ብትዘገይም 9,600 አይጨምርም።

ቁልፍ ያዥ፦ ለድለባ በየወሩ ክፈይ ማለትም አይሠራም። በግ ሲሸጥ እንጂ በየወሩ ገቢ አያመጣም። ለአረፋ ከሆነ 3 ወር ቀደም ብሎ ይገዛ፣ ዕዳው ከበዓሉ 1 ሳምንት በኋላ ይከፈል። ሳይሸጥ ከበዓሉ ያለፈ በግ ዋጋው ይወድቃል፣ መኖ ግን ይበላል።

የኩታበሩ፦ ይሄ አሠራር የእኔንም ጥያቄ ግማሹን ይመልሳል። ጥሬ ብር ካልተሰጣት ባል የሚወስደው ብር የለም። ግን ማን ይፈርም?

ሐላል ንግድ፦ እሷና ገበያ የወረዱት ሁለቱ ሴቶች። ደብተሩ ላይ የተገዛበት፣ የተሸጠበትና የሚከፈልበት ቀን ይሰፍራል። የባል ፊርማ አያስፈልግም።

ቦርከና፦ «ባል አይፈርምም» የሚለው መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጻፍ፣ እቀበላለሁ። በጉ ግን የሚታሰረው ባልየው ግቢ ነው፤ ታሞብኛል ብሎ አንድ ቀን ቢሸጠው ቡድኑ ማንን ይጠይቃል?

ሐላል ንግድ፦ እሷን ነው የሚጠይቀው፣ ዕዳው በእሷ ስም ነው።

ቦርከና፦ እኔም የምለው እሱን ነው።