ለችፌ አዲስ መርፌ ሙከራ ላይ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ፀጉር ሠሪዋ፦
ሰላም። አራት ኪሎ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ችፌው ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ፤ አንገቴ፣ የክርኔ መታጠፊያ፣ አሁን ደግሞ እጄ። ጓንት ባጠልቅም ሻምፖው አይምረኝም፣ ሌሊቱን ስፎክት አነጋለሁ። ደንበኞች ደግሞ «አይተላለፍም አይደል?» ይሉኛል። ተዉት። ልጠይቃት የምሄድባት ቨርጂኒያ ያለች እህቴ «እዚህ አዋቂዎች ላይ የሚሞከር መርፌ አለ፣ በነፃ ነው፣ ተመዝገቢ» ትለኛለች። መድኃኒት የሌለበት ባዶው መርፌ ቢደርሰኝስ? የምቀባውን ቤታሜታሶንስ ያስቆሙኛል?

ነርስ ካዛንቺስ፦
እህቴ፣ በችፌ ባይሆንም የጥናት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ባዶው ሊደርስሽ ይችላል፤ ምደባው በዕጣ ነው፣ አንቺም ሐኪሙም አታውቁትም። ለምሳሌ ዱፒሉማብ የሚባለውን የችፌ መርፌ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጡት ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ በ16ኛው ሳምንት ቆዳቸው የጠራ ወይም ሊጠራ ምንም ያልቀረው መርፌውን ከወሰዱት ከመቶው 38 እና 36 ነበሩ። ባዶውን ከወሰዱትም 10 እና 8። ችፌ በራሱም ይነሳል፣ ይበርዳል፤ ባዶው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። አሜሪካ መርፌውን በ2017 ፈቀደች። ዓይን ማቅላትና ማሳከክ አለው።

ጥናቱን ከመጀመርሽ በፊት ቅባቱን ብዙ ጊዜ ያስቆማሉ። «ቢብስብኝ ምን ትሰጡኛላችሁ?» በያቸው፣ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ መልሱን ፈልጊ። ከሁሉ በላይ ግን ይሄን ጠይቂ፦ ጥናቱ አልቆ አራት ኪሎ ስመለስ መድኃኒቱን ማን ይሰጠኛል? ለውጥ አይተሽበት ቢቋረጥብሽ ከአሁኑ ይልቅ ያንገበግብሻል።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦
ጠበሉን ሞክሪ እንጂ መርፌ ምን ያደርጋል 🙏

ነርስ ካዛንቺስ፦
ጠበሉን ማን ከለከላት፣ ወንድሜ። ከታጠበች በኋላ ግን ቆዳዋ ሳይደርቅ ቫዝሊን ትቀባ።

ቆዳ ሐኪም ነኝ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ችፌው ምን ያህል እንደከበደ የሚለካበት ነጥብ አንዱ ክፍል መቅላት ነው፣ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጠቆር ወይም ግራጫ መስሎ ይታያል። ያልለመደ ዓይን «ቀላል ነው» ብሎ ሊመልስሽ ይችላል። መወፈሩንና መፋፋቁን አሳዪ፣ ሲብስብሽም ፎቶ አንሺ። የሚሰጡሽ መርፌ ሳይሆን እንደ ኡፓዳሲቲኒብ ያለ ኪኒን ከሆነ ደግሞ የተደበቀ ቲቢ ይመረምራሉ፤ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ከነበረ አትደብቂ።

ፀጉር ሠሪዋ፦
አባቴ ታሞ ድኗል፣ እነግራቸዋለሁ። ለእህቴም ደወልኩ፤ «ካለቀ በኋላስ?» ስላት ዝም አለች፣ ጠይቄ ልንገርሽ ብላኛለች። ለወራት መመላለስ ካለበት ቪዛዬም አይበቃም።