የወፍ ቆሎ ለቢራቢሮ? ኧረ በሕግ!

የቀወት ልጅ፦ ትናንት አንዷ ከሸዋ ሮቢት የግቢዋን ፎቶ ለጥፋ «የወፍ ቆሎ ትከሉ፣ ግቢያችሁ በቢራቢሮ ይሞላል» አለች። ስንቱ ላይክ አደረገላት! እኛ ያንን ላንታና የሚሉትን እሾሃም ቁጥቋጦ ከግጦሽ ላይ ስንነቅል እጃችን አለቀ፣ እሷ ጭራሽ በብር ገዝታ ትተክላለች።

ባለአበባዋ፦ እኔ ነኝ የለጠፍኩት፣ ምን ትሆን? ቢጫው ውሎ ሲያድር ሮዝ ይሆናል፣ ረፋድ ላይ ቢራቢሮው ሲያርፍበት ብታየው አፍህን ትይዛለህ። ደግሞ ሜዳ ላይ አልተከልኩም። ግቢዬ አጥር አለው።

የቀወት ልጅ፦ አጥር አለው አለች! ስሙ እኮ የወፍ ቆሎ ነው እህቴ። ወፏ ጥቁሩን ፍሬ ለቅማ ስትወጣ በር ታንኳኳለች? የጎረቤት ማሳ ላይ ኩሷን ትጥላለች፣ አለቀ።

መንዜው፦ እኛ ጋ ውርጩ ድራሹን ያጠፋዋል። እናንተ ቆለኞች ተጨቃጨቁ።

የቀወት ልጅ፦ አንተን ማን ጠየቀህ? ገብስህን ጠብቅ።

ባለላሙ፦ ልጆች፣ የኔን ልንገራችሁ። ሣር በጠፋበት ዓመት ላሜ ቅጠሉን በላች። ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ነጭ ነጩ ቆዳዋ ፀሐይ ሲነካው ይላጥ ጀመር። ጉበቷ ተመርዟል ተባለ። ጥላ ውስጥ አስገባናት፣ አልተረፈችም።

ባለአበባዋ፦ ጋሼ፣ በእውነት አዝናለሁ። ግን አጥሬን ዘላ የገባች ላም የለችም። ፍሬ እንዳይዝም አበባውን ቶሎ ቶሎ እቆርጠዋለሁ።

የቀወት ልጅ፦ ትቆርጪዋለሽ? ታዲያ ቢራቢሮው ምን ሊቀስም ነው? አጥርሽን?

ዳያስፖራው፦ እዚህ አሜሪካ ፍሬ የማይዝ ዝርያ ይሸጣል። ምን ያናቁራችኋል?

የቀወት ልጅ፦ የኛ ሻጭ ከመንገድ ዳር ቆርጦ ነው በላስቲክ የሚተክለው ወንድሜ። ይሄ ነገር እኮ የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካወጣው የ100 ክፉ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አለ።

ባለአበባዋ፦ ፍየልም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለች። ፍየልህን ልታርዳት ነው?

የቀወት ልጅ፦ ለፋሲካ፣ አዎ።

የሎሚ ጓሮ፦ ሁለታችሁም ስለሚቀስመው ብቻ ታወራላችሁ። ቢራቢሮ መጀመሪያ ትል ነው እኮ። ያ ትልቁ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ እንቁላሉን የሚጥለው ሎሚና ብርቱካን ላይ ነው። ትሉ ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ ሰዉ ሲያየው መድኃኒት ይረጭበታል። ከዚያ «ቢራቢሮ ጠፋ» ብሎ አበባ ይገዛል። ያ ብርቱካናማው ቢራቢሮም ትሉ ጦቢያ የሚባለውን ቁጥቋጦ ነው የሚበላው፣ ጦቢያውን ደግሞ ለማገዶ ጨረስነው።

ባለአበባዋ፦ እና ሎሚዬን ትል ይብላው? ሎሚ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ?

መንዜው፦ ሎሚም ተወደደ? እኛ ጋ...

የቀወት ልጅ፦ አንተ ዝም በል ተባልክ እኮ! አንቺ ደግሞ ስሚ፣ ቅዳሜ መጥቼ ከአጥርሽ ውጭ ያለውን ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። አንድ ችግኝ ካገኘሁ ራስሽ ትነቅይዋለሽ፣ ከነሥሩ፣ ከላይ ቢቆረጥ ተመልሶ ያቆጠቁጣል።

ባለአበባዋ፦ ና፣ ቡና አፈላለሁ። ግን አንኳኩተህ ግባ፣ ወፍ አይደለህም።

መንዜው፦ እኔስ ልምጣ?

ባለአበባዋ፦ ውርጭህን እዚያው ትተህ ከሆነ።