ድመቷ ተኝታለች፣ እኔ ግን አልተኛሁም

ውሻና ድመት በአደራ እየተቀበልኩ ለብቻዬ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ትናንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አንዷ ደንበኛ «ድመቴ ተኛች?» ብላ ጻፈችልኝ። ተነሥቼ ፎቶ ላክሁላት። እውነቱን ልናገር፣ አሁን አሁን የውሻ ጩኸት ስሰማ ያስለቅሰኛል። እናንተ እንዴት ቻላችሁት?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ ፎቶውን መላክሽ ነው፤ አስለመድሻት! እኔ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ብቻ እልካለሁ፤ ውላችን ላይም ተጽፏል። ለሥራው ሌላ ሲም አውጪ። እንስሳው ከታመመ የምትደውዪው አንቺ ነሽ፤ ያለዚያ የደንበኛዋ መልእክት እስከ ጠዋት ይጠብቃል።

መልስ፦ እኔን የጨረሰኝ የሚጎትት ውሻ ነው። ትከሻዬ አላነሣ ሲለኝ ሁለቱን ግዙፎች ለባለቤቶቻቸው መለስኩ። ገቢዬ ቀነሰ፣ እንቅልፌ ግን መጣ።

ጠያቂዋ፦ ሲሙን ዛሬውኑ አወጣለሁ። ለሴትዮዋ ግን ማን ይንገርልኝ?