አዲስ አበባ ላለ ባለሙያ ከዚህ ሥራ መስጠት ይቻላል?

ከዳላስ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። አነስተኛ የሂሳብና የግብር ቢሮ ከፍቻለሁ። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ በሂሳብ አያያዝ ተመርቃ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ወደዚህ ላመጣት ሞክሬ ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከለከለች። እዚያው ሆና ብታግዘኝ ሕጉ ይፈቅድልኛል? ክፍያዋንስ በምን ልላክላት?

ከስልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ፣ ይህን ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም ንግድ ድርጅት የአገልግሎት ንግድ ስምምነት፣ አገልግሎት ድንበር የሚሻገርባቸውን አራት መንገዶች ይለያል፦ ሥራው ብቻውን ይሻገራል፣ ደንበኛው ይሄዳል፣ ድርጅቱ ቅርንጫፍ ይከፍታል፣ ወይም ባለሙያው ራሱ ይጓዛል። አገሮች ከሁሉ የሚያጠብቡት የመጨረሻውን በር ነው፤ የአክስትሽ ልጅም የተመለሰችው ከዚያው ዓይነት በር ላይ ነው። የመጀመሪያው በር ላይ ግን ጉምሩክ የለም። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል ለመሆን እ.ኤ.አ. በ2003 አመልክታ ድርድሩ ከ20 ዓመት በላይ ቢወስድም፣ የሂሳብ መዝገብ በኢንተርኔት ሲያልፍ ቀረጥ የሚጠይቅሽ የለም።

መጠንቀቅ ያለብሽ ከግብር ሕጉ ነው። በአሜሪካ የአገር ውስጥ ገቢ ሕግ ክፍል 7216 መሠረት፣ የደንበኛሽን የግብር መረጃ ከአሜሪካ ውጭ ላለ የግብር ሰነድ አዘጋጅ ከማሳየትሽ በፊት ደንበኛው መረጃው ከአገር እንደሚወጣ አውቆ በጽሑፍ መፍቀድ አለበት። የግለሰብ ከሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን፣ ማለትም የአሜሪካ መለያ ቁጥሩን፣ ሸፍነሽ ላኪ። አውቆ የጣሰ እስከ 1 ዓመት ሊታሰር ይችላል። የሱቅ ወርሃዊ መዝገብ ብቻ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ እኔ ግን ሁሉንም አስፈርማለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ደንበኛዬ፣ ታክሲ የሚነዳ የአገራችን ሰው፣ «የኔን ወረቀት አዲስ አበባ ማን አየው?» ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ። ሰውየው ሕጉን ጠቅሶ አይደለም የጠየቀኝ። እኛ ዘንድ ገቢ ማለት ምስጢር ነው፤ አገር ቤት ያለ ዘመድ ቁጥሩን ካወቀ የስልኩ ጥሪ ማባሪያ የለውም።

ክፍያውን በባንክ፣ በራሷ ስም ላኪ። ደብልዩ ኤይት ቤን የሚባለውን፣ የውጭ አገር ሰው መሆኗን የሚገልጸውን የአሜሪካ የግብር ቅጽ ሞልታ ትስጥሽ። ሥራውን የምትሠራው ከአሜሪካ ውጭ ስለሆነ ለውጭ ሰው ከሚከፈል ገንዘብ የሚቀነሰው 30 በመቶ ግብር አይቆረጥባትም። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ስለጀመረ በባንክ መላክ እንደ ድሮው ሞኝነት አይደለም። ከዚያ በፊት ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሰጥ የጥቁር ገበያው እጥፍ ገደማ ነበር።

ሰዓቱም ይረዳሻል። ማታ ቢሮ ስዘጋ የላክሁት ሥራ ጠዋት ተጠናቆ ይጠብቀኛል። ብቻ የማን ሰዓት እንደሆነ ተስማሙ። የማሠራት ልጅ ለእኔ አስባ በፈረንጅ የቆጠረችውን የአዲስ አበባ 3 ሰዓት እኔ በአገራችን ቆጥሬ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ተነስቼ ኮምፒውተር ፊት ብቻዬን ተቀምጫለሁ።

ከፍራንክፈርት፦
ጋሼ የጻፉት ለሂሳብ ሥራ ልክ ነው። በእኔ ሙያ፣ በግንባታ፣ ሥራው ይሻገራል፤ ፊርማው አይሻገርም። ጀርመን ውስጥ ኢንጂነር የሚለው መጠሪያ ራሱ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ለግንባታ ፈቃድ በሚቀርብ ፕላን ላይ የሚፈርመውም ሕጉ የሚፈቅድለት ባለሙያ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ንድፉንና ስሌቱን ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ፤ ዋናው ገንዘብ ግን ፈራሚው ጋ ይቀራል። ስለዚህ እህቴ፣ ልጅቱ የብሪታንያውን የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር፣ የኤሲሲኤን፣ ፈተና እዚያው ሆና ብትጀምር ይሻላታል። አሜሪካ ላይ ባያስፈርማትም ነገ ከአንቺ ሌላ ደንበኛ ስትፈልግ የሚታወቅ ወረቀት ይኖራታል።

ከዳላስ፦
ጋሼ፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደንበኞችን የፈቃድ ቅጽ አዘጋጅቼ ትናንት ማስፈረም ጀመርሁ። ሁለት የምግብ ቤት ባለቤቶች ሳያመነቱ ፈረሙ። አንዲት እናት ግን ብዕሩን እንደያዙ «ልጅቱ ሰፈሯ የት ነው?» አሉኝ። ኮተቤ ስላቸው ብዕሩን መለሱልኝ፤ እህታቸው እዚያ ነው የሚኖሩት።